ስግደት በበዓለ ሃምሳ

«እማዬ! ኧረ ተነሺ! ፋሲካ እኮ ነው!»

ዓለምዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ስትደርስ እናቷ ተንበርክካለች፤ እጇም ወለሉን ነክቷል። በብብቷ ሥር ይዛ አነሣቻት። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሰባ አራት ዓመት ሞልቷታል። ሰውነቷ ቢከሳም አጥንቷ ይከብዳል፤ ይልቁንም መነሣት ሳትፈልግ ሲያነሷት።

«ልቀቂኝ። አልጨረስኩም።»

«ምኑን ነው የምትጨርሺው? በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የማታውቀውን ሰው ድፍረት የምትታዘብ ትመስል ነበር።

«አንቺ ልብስ ሰፊዋ» አለች በመጨረሻ። «በእናንተ አገር ሰው ሥራውን ሲሠራ አያስጨርሱም?»

«የእኔም አገር ያው ያንቺው ነው። በይ አሁን ተቀመጪ።»

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ተሰማ። ጠላ ሻጯ በለጠች ናት። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ነፋስ ቢከለክል እንጂ ወሬ አይከለክልም።

«ዓለምዬ! ዛሬም ጀመረች እንዴ?»

«አስቆምኳት!»

«አደራሽን! ደባርቅ ሙሉ ዶሮውን በልቶ ተኝቷል፣ እሷ ሁዳዴን ብቻዋን ይዛዋለች!»

ዓለምዬ አልሳቀችም። እናቷን መስኮቱ ሥር ካለው መደብ ላይ አስቀምጣ፣ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እሑድ ሠርግ አለ። የስድስት ሚዜዎች ቢጫ ሳቲን ቀሚስ እስከ ቅዳሜ ማለቅ አለበት፤ ያለቀው ሁለቱ ብቻ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጾሙ መግቢያ ነበር። ሲስተር እሌኒ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ጎንደር ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ፣ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ቤታቸው መጣች። ወረቀቱ ላይ ራሳቸው ክብ፣ እጅና እግራቸው የክብሪት እንጨት የሚመስል ሰዎች ተስለዋል። አንዱ ከወንበር ይነሣል፣ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ግድግዳ ይዞ ተረከዙን ያነሣል።

«የመርሳት በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለውም» አለች ሲስተር እሌኒ ሳትሸፋፍን። «ግን ሰውነታቸው ከተንቀሳቀሰ ብዙ ነገር ይቀላል። እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ መቅበዝበዙም። በቀን አሥር ጊዜ ከወንበር ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፤ በቃ። እማማ፣ እስቲ እንሞክረው። ይነሡ!»

«ለምን? ማን መጣ?» አለች ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ።

«ማንም አልመጣም፤ ለጤናዎ ነው።»

«ሰው ሳይመጣ ብድግ ብድግ የሚለው ወታደር ነው፣ ልጄ። እኔን ማን ቀጠረኝ?»

ሲስተር እሌኒ ሳቋን ውጣ ወረቀቱን ገለበጠች። «ይሄኛው ገጽ ደግሞ ያንቺ ነው፣ ዓለምዬ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«አስታማሚ ነሽ። አስታማሚም ይታመማል።»

ከጀርባው ሥዕል የለም፤ ጥቂት መስመሮች ብቻ ተጽፈዋል። በቀን ሦስት ደቂቃ ሥራሽን አቁሚ። ትንፋሽሽን ተከተዪ። ከፊትሽ ያለውን አንድ ነገር ገና ዛሬ እንዳየሽው አድርገሽ ተመልከቺ፤ ለማስተካከል አትቸኩዪ።

«ሲስተር፣ መተንፈስም ሥልጠና ያስፈልገዋል?»

«ሞክሪውና አንቺው ትነግሪኛለሽ።»

ዓለምዬ ወረቀቱን በስፒል ግድግዳው ላይ ሰካችው። ያን ሦስት ደቂቃ ግን አንድ ቀንም አልሞከረችውም። በሦስት ደቂቃ አንድ እጅጌ ይገጠማል።

መነሣት መቀመጡም ሳይሆን ቀረ። ለልመናም ለማባበልም እናቷ አልበገር አለች። ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ዓለምዬ መኪናዋን እየረገጠች ሳለ እናቷ ማንም ሳይነግራት ከመደቡ ተነሣች። በጉልበቷ ወረደች፣ እጇ ወለሉን ነካ፣ ተነሣች። አንድ ርምጃ ሄደች። እንደገና ወረደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በለጠች የነጠላዋን ጫፍ ልታሰፋ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበርና እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«ተመስገን ነው! እየሰገደች እኮ ነው! ሁሉን ረስታ ይህን አልረሳችም!»

ዓለምዬ ያን ቀን የስፌቱ መስመር እስኪጠፋባት አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ፣ ከወረቀቱ እጅግ ይበልጣል። እናቷ በልታ ማደር ጀመረች፤ ሌሊት መነሣቷን ተወች፤ «መንደሬ አምባራስ እሄዳለሁ፣ ቀን ሳለ ልውጣ» ማለቷም ቀረ። ሲስተር እሌኒ ጉልበቷን ዳስሳ «እኔ ያልኩት አሥር ነበር» ብላ ተገረመች። ዓለምዬን ግን አንድ ነገር ያብከነክናት ነበር። አንዳንዴ በልቧ ትቆጥራለች። አንድ ቀን ሃያ ስድስት፣ አንድ ቀን ሃምሳ ሦስት ይሆናል እንጂ እንደ ስግደት ሥርዓት አርባ አንድ ላይ ቆሞ አያውቅም። ደግሞ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አታዞርም። ዛሬ ወደ በሩ፣ ነገ ግድግዳውን ታክካ፣ ከነገ ወዲያ በጠረጴዛው ሥር። አታማትብም። «ረስታው ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች፤ ሆኖም ሰው ማማተብን ረስቶ ስግደትን እንዴት ያስታውሳል እያለች ታስባለች፤ መኪናዋም ሐሳቡን ይዞባት ይሄዳል።

ፋሲካ ደረሰ። በበዓሉ ዕለትም እናቷ ወረደች፣ ተነሣች። ዓለምዬ ደንግጣ የነፍስ አባታቸውን አባ ኪዳነ ማርያምን ጠየቀቻቸው።

«ይፍቱኝ አባ። እናቴ አልተው አለች።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እሷ አላወቀችም፤ አይያዝባትም» አሉ አባ ኪዳነ ማርያም ቀስ ብለው። «አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እያወቅሽ አታሰግጃት።»

አላሰገደቻትም። ባየቻት ቁጥር ታነሣታለች፤ ሳታያት ደግሞ እናቷ ትጀምራለች። ከዚያም መጥፋት መጣ። የመጀመሪያው በፋሲካ ሰኞ ነበር፤ መናኸሪያ በር ላይ አገኟት። ሁለተኛው ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ላይ በነፋሱ ውስጥ ስትሄድ፣ ወደ መካነ ብርሃን ዕቃ የሚጭን የኢሱዙ ሾፌር ጋቢና አስገብቶ መለሳት።

«እማማ ተዘርፌያለሁ እያሉ ነው» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። «እህላቸውን አቃጥለውባቸው። ማን ነው እንዲህ ያለ ጨካኝ?»

ዓለምዬም አብራው ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ።

አሁን፣ ሦስተኛውን ቀሚስ ከወገቡ ስትገጥም፣ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ሀብተ ሚካኤል ከጎንደር ነው።

«ሾፌር ጭኖ አመጣት ነው የሚሉኝ? ከሰው ልስማው?»

«ደኅና ናት።»

«ዓለምዬ፣ እኔ አልወቅስሽም። አንቺም ሥራ አለሽ። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እኛ ጋ ሠራተኛ አለች፣ በሩ ይቆለፋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ትሄዳለች?»

«እሱን ነው የምለው። የትም አትሄድም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

ዓለምዬ መደቡ ላይ የተቀመጠችውን እናቷን አየች። የሀብተ ሚካኤልን ኮንዶሚኒየም አንድ ጊዜ አይታዋለች። ንጹሕ ነው፣ ሶፋ አለው፣ ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እናቷ እዚያ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያም እግሯ ይዝላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሲስተር እሌኒ ነግራታለች።

«እስከ ቅዳሜ ተወኝ» አለች።

«እስከ ቅዳሜ እንግዲህ። አንድ ጊዜ ደግማ ከወጣች ግን ክርክር የለም። እሺ?»

«እሺ።»

ስልኩን ዘግታ ቀጥ ብላ ሄዳ የግቢውን በር ቆለፈችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ይህን እስከ ዛሬ አድርጋው አታውቅም።

ከምሳ በኋላ እናቷ በሩን ተቆልፎ አገኘችው። ቆርቆሮውን በመዳፏ ትመታዋለች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቆይታ በኃይል።

«ክፈቱልኝ! እየመሸ ነው!»

«ገና ስምንት ሰዓት ነው፣ እማዬ። ግቢ።»

«ሰዎቹ ጨርሰው ሄዱ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ኧረ ክፈቱልኝ፣ ከብት ሊገባበት ነው!»

«ምኑ ውስጥ ነው ከብት የሚገባው?» ብላ ዓለምዬ ጮኸች። ጮኻም ደነገጠች። እናቷ እንደተቆጡት ልጅ እጇን ሰብስባ ቆማለች።

ይዛት ገባች። ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች፤ ግን አልረገጠችውም። በንዴት ሳቲን አይሰፋም፤ ያመልጣል። ወረቀቱ ከፊቷ ነው። ሥራሽን አቁሚ ይላል። ሥራው እንደሆነ አንዴ ቆሟል። ዓለምዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተነፈሰች። ሞኝነት መሰላት። እንደገና ተነፈሰች። ቤቱ ጭር አለ፤ መኪናው ሳይጮህ በቀን ይህን ቤት ሰምታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ፣ የበለጠች ዶሮ ስትጭር፣ የእናቷ እግር ከመደቡ ሲወርድ ይሰማል።

እናቷ ማንም የማያያት መስሏት ተነሥታለች።

ዓለምዬ ላስቁማት ብላ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ አይ፣ አለች በልቧ። ሦስት ደቂቃው ገና ነው። አንድ ነገር ምረጪ። የእናቷን ግራ እጅ መረጠች።

ግራው እጅ ወለሉን አይነካም። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ሁለቱም እጆች የሚወርዱ ይመስላት ነበር። ግራው የቀሚሷን ጫፍ እስከ ወገቧ ሰብስቦ፣ እንደ ከረጢት አድርጎ ይዟል። ወለሉን የሚነካው ቀኙ ነው። እሱም ነክቶ አይመለስም፤ ይቆነጥራል። በሁለት ጣት አንሥቶ ቀሚሱ ውስጥ ያኖራል። እናቷ አንድ ርምጃ ሄደች። ወለሉን ቃኘች። ሰማያዊ ቁርጥራጭ ነበረ፤ አለፈችው። ቢጫ ክር አገኘች። ወረደች፣ ቆነጠረች፣ ተነሣች።

ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። መኪናው ዝም ባለበት ቤት ውስጥ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። «እግዚኦ» አይደለም።

«ዓለምዬ፣ አትራቂ። ከኋላዬ ሁኚ… ያችን አንሻት። ያችን፣ ከድንጋዩ ሥር ያለችውን… ጎበዝ።»

ዓለምዬ ስምንት ወር ሙሉ ስሟን ከዚህች ሴት አፍ አልሰማችም ነበር። ለእናቷ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አንዳንዴም ሠራተኛዋ፣ አንዳንዴም «እሜቴ»።

እናቷ የቀሚሷን ጫፍ እንደያዘች ወደ አልጋው ሄደች። ከአልጋው ጀርባ ከአምባራስ ያመጣቻት አሮጌ ቁና አለች። ቀሚሷን እዚያ ላይ አራገፈች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ፣ እህል የሚሰፍር ሰው አፉን እንደሚያስተካክለው፣ ከላይ ዳበስ አደረገችው።

ያን ማራገፍ ዓለምዬ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። የስግደቱን አቧራ የምታራግፍ ነበር የሚመስላት። ቁናዋንም ታውቃለች። ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ በጨርቅ ቁርጥራጭና በክር ተሞልታ አገኘቻት፤ «ይሄም የበሽታው ነው» ብላ እሳቱ ውስጥ ደፋችው፣ የዶሮውን ወጥ አፈላችበት። በበዓሉ ማግስት እናቷ ጠፋች። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋትም ደፋችው።

እህላቸውን አቃጥለውባቸው። ማን ነው እንዲህ ያለ ጨካኝ?

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፤ ዓለምዬ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ከዚያ ዘመን የምታስታውሰው ጥቂት ነው። አንዱ ብርዱ ነው፣ አንዱም የእናቷ ቀሚስ ከኋላ ሲታይ። አምባራስ ላይ የእነሱን ገብስ ውርጭ በልቶት፣ የጎረቤታቸው የአያ ማዕረግ ማሳ ተርፎ ነበር። አጫጆቹ ነዶውን አንሥተው ሲሄዱ እናትና ልጅ ይገቡና የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ። ቃርሚያ ነው። አያ ማዕረግ ድንበሩ ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ ያያል። አንድ ቀን ዓለምዬ፣ ከነዶው ላይ ሆን ብሎ እፍኝ ሙሉ ሲያረግፍ አይታው «እማዬ፣ ጣለው እኮ!» ብላ ጮኸች። እናቷ ቆንጥጣ ዝም አሰኘቻት። «ዐውቆ ነው። አንቺ እንዳላየሽ ሁኚ፤ እሱም እኛን እንዳላየን ነው።»

ዓለምዬ ተነሥታ ከአልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቁናዋ ውስጥ ቢጫ ሳቲን፣ ቢጫ ክር፣ ከላይም አንድ የነሐስ ቀለም ያለው የልብስ ቁልፍ አለ። ሰማያዊ የለም፣ ጥቁር የለም። የደረሰ ገብስ የሚመስለው ብቻ ነው የተለቀመው።

«ስንት ሆነ?» አለች።

እናቷ በጥርጣሬ አየቻት። የዓለምዬ ድምፅ እንደ ጠዋቱ እንዳልሆነ ስታረጋግጥ ለቀቅ አለች። «ገና ግማሽ ቁና አይሆንም። ለጥምቀት ቢያደርሰን ነው።»

«እናንተ ስንት ናችሁ?»

«እኔ፣ ያዘልኩት ሕፃንና ልጄ ነን። ዓለምዬ ትባላለች። አሁን እዚህ ነበረች…» ዓይኗ በሩን ፈለገ። ሰውነቷ ሊነሣ ተዘጋጀ። «ይቺ ልጅ ወዴት ሄደች? ገደል አለ እዚያ…»

ዓለምዬ መናኸሪያውም፣ የፓርኩ መንገድም፣ ቆርቆሮውን የመታው መዳፍም በአንድ ጊዜ ገባት። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ይህን ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ እናቷም ስንት ጊዜ በትሕትና ሳታምናት ቀርታለች።

«ከኋላሽ ናት» አለች። «እየለቀመች ነው። አያታለሁ፤ ሥራሽን ሥሪ።»

እናቷ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ትከሻዋ ወረደ። «ጎበዝ ናት» አለች። «ድንጋይ ሥር ያለው አያመልጣትም።»

ከአጥሩ ማዶ በለጠች ጮኸች። «ዓለምዬ! መኪናሽ ዝም አለ፣ ምነው በደኅና? ትሰግዳለች እንዴ?»

«አይደለም፣ በለጠች። ቃርሚያ ላይ ናት።»

«በግንቦት?»

«በግንቦት!»

«እንግዲያ ኃጢአት የለበትም» አለች በለጠች፣ ቅር ያላት በሚመስል ድምፅ።

ዓለምዬ ስልኳን አንሥታ ጎንደር ደወለች።

«ምን ሆነች? ወጣች?» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«አልወጣችም። ቅዳሜ ና፤ ለመውሰድ ሳይሆን ለማየት። ደግሞ ሰፊ ሱሪ ልበስ።»

«ሱሪ ደግሞ ለምኑ ነው?»

«ጉልበትህ ይታጠፍ እንደሆነ እናያለን። አንተ ያኔ በጀርባዋ ታዝለህ ነበር፤ አታስታውሰውም።»

«ዓለምዬ፣ ምንድን ነው የምታወሪው?»

«ስትመጣ ታየዋለህ» ብላ ዘጋችው።

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ የግቢውን በር ከፈተች፤ ተመልሳም የክር ሣጥኗ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ወለሉን አየችው። ከሰማያዊና ከጥቁር በቀር ምንም አልቀረበትም፤ ማሳው ተለቅሞ አልቋል። እናቷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ከአልጋው ጀርባ እየመጣች ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ቢጫ ሳቲን አለ። ከሚዜዎቹ ወገብ ማሰሪያ የተረፈ ነው፤ ከእሱ ሁለት የሕፃን ቀሚስ ኮሌታ ይወጣል። ዓለምዬ መቀሱን አነሣች። በቀጭን በቀጭኑ፣ እንደ ዛላ እያረዘመች ቆረጠችው። ከዚያ እፍኟን ሞልታ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ትንሽ ትንሽ እያራራቀች በተነችው፤ ጥቂቱንም ከመደቡ ድንጋይ ሥር።

እናቷ ስትደርስ ዓለምዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መኪናዋን በቀስታ መርገጥ ጀምራ ነበር። እንዳላየች ሆነች።